የተወሰደው ናሙና ውጤቱ ለባለቤቱ ይድረስ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ማኅበረሰብ ተኮር ምርምር ሲወራ ጎልቶ የሚሰማው የአጥኚዎቹ ድምፅ ነው። እኔ አጥኚዎቹ ከሄዱ በኋላ ቀበሌው ውስጥ ከሚቀሩት ወገን ነኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ።

አጥኚ የወረዳውን ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ ቤት ለቤት የማዞረው እኔ ነኝ። እናቶቹ በር የሚከፍቱት እኔን አምነው ነው። ሊጥ የያዘችው እጇን ታጥባ ትቀመጣለች። ስንት ወለድሽ፣ ስንት ሞተብሽ፣ ልጅሽ ትናንት ምን በላ እየተባለች ረጅም ሰዓት ትጠየቃለች። ከዚያ የሕፃኑ ጣት ይወጋና ደሙ ይወሰዳል። ለእሷ አንድ ሳሙና ይሰጣታል። ሰንበትበት ብላ ጤና ኬላ ስትመጣ "እህቴ፣ የልጄ ደም ምን ተገኘበት?" ትለኛለች። የምመልስላት የለኝም። ደግሞ በዓመቱ ሌላ አጥኚ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ከች ይላል። ሰው በር መክፈት ቢሰለቸው አይፈረድበትም።

ከዚህ የተሻለ አሠራር በአገራችን አለ። ቡታጅራ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመሩት የገጠር ጤና ፕሮግራም ልደትና ሞትን ቤት ለቤት እየመዘገበ ለአሥርተ ዓመታት ዘልቋል። እኔን ይበልጥ የሚያስደስተኝ እዚያው የተካሄደው የአእምሮ ሕመም ጥናት ነው። ታማሚዎቹን ቆጥሮ አልሄደም። በቡታጅራ ሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና ነርሶች የሚመራ የተመላላሽ ሕክምና ክፍል አብሮ ተከፈተ። ጥናቱ ያገኘው ሰው የሚታከምበት ቦታ አገኘ ማለት ነው። ቤተሰብ ታማሚውን ቤት ዘግቶ በሚያኖርበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሕዝቡ ደግሞ የሚሰጠው ደም ብቻ አይደለም፤ ዕውቀትም ይሰጣል። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ቢልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት ሴቶች ወንዝ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ነው። እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የተደረሰበት ከእነዚህ አጣቢዎች ልማድ ተነሥቶ ነው።

ችግሩ ብዙ ጊዜ የአጥኚው ክፋት አይደለም። ፕሮጀክቱ ሁለት ሦስት ዓመት ነው። በጀቱ ላይ የመኪና ነዳጅ አለ፣ አበል አለ፣ የኅትመት ወጪ አለ። ወደ ቀበሌው ተመልሶ ውጤት ለመንገር የተያዘ ሳንቲም ግን የለም። ተማሪው ተመርቋል፣ ገንዘቡም አልቋል፤ ማን ይመለሳል?

ስለዚህ ጥናት የሚያጸድቁ የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ይህን ከፕሮፖዛሉ ላይ ይጠይቁ። የመመለሻው ወጪ ገና ሲጀመር ይያዝ። ደሟ የቀነሰ ወይም በምግብ እጥረት የተጎዳች ሕፃን ከተገኘች በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ትላክ፤ ይህ ሪፖርት እስኪጻፍ የሚቆይ ነገር አይደለም። ዩኒቨርሲቲውም የመጨረሻውን ሪፖርት የሚቀበለው ውጤቱ በነዋሪው ቋንቋ ለነዋሪው መነገሩን ቀበሌው በማኅተም ሲያረጋግጥ ይሁን። አንድ ቅጂ ጤና ኬላው ውስጥ ይቀመጥ። ቀጣዩ አጥኚ ሲመጣ የተጠየቀውን ከመድገም ያድነዋል።

እስካሁን የእኛን መረጃ የወሰዳችሁም አልረፈደባችሁም። አንድ ቀን ቀጥራችሁ ኑ። ሰው የምሰበስበው እኔ ነኝ።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ከደቡብ ጎንደር