ፎርሙ ላይ «ለምን?» የሚል መስመር ጨምሩልን

ለትናንሽ ነጋዴዎች ብድር፣ ሥልጠናና ድጋፍ ለምታቅዱ የከተማችን ኃላፊዎች

ጤና ይስጥልኝ።

አራት ኪሎ አካባቢ አንዲት ትንሽ ኮፒ ቤት አለችኝ። ኮፒ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ላሚኔት አደርጋለሁ። ጊዜዬን በጣም የሚወስደው ግን የንግድ ዕቅድ መጻፍ ነው። ብድር የሚጠይቅ፣ ማሽን የሚፈልግ፣ ሼድ የሚጠብቅ ሰው ፎርሙን ይዞ እኔ ጋ ይመጣል። እሱ ይናገራል፣ እኔ እተይባለሁ። እናንተ ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው ወረቀት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ በእኔ እጅ ያለፈ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁም ስለዚያ ወረቀት ነው።

ወረቀቱ ችግሩን አይነግራችሁም። ሰዎቹ እየዋሹ እንዳይመስላችሁ። ፎርሙ «ምን ይፈልጋሉ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ሰውም የሚፈልገውን ይናገራል። መሀል ላይ «ያጋጠመ ችግር» የምትል ጠባብ ሳጥን አለች። እሷ ላይ ሁሉም የሚያስጽፈኝ ያው ነው፦ የካፒታል እጥረት፣ የማሽን እጥረት፣ የቦታ ችግር። ዳቦ ቤትም ይሁን ልብስ ሰፊ፣ ጁስ ቤትም ይሁን ጫማ ሠሪ፣ መልሱ አይለያይም። እኔም ለዓመታት ያንኑ ስጽፍ ኖሬያለሁ። እንድጠይቅ ያደረገችኝ አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ናት።

እትዬ እላታለሁ፣ ስሟን መጻፍ አያስፈልግም። ከእኔ ብዙም ሳትርቅ ዳቦ ቤት አላት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጣችና «ልጄ፣ ለትልቅ ፎርኖ ብድር ልጠይቅ ነውና ጻፍልኝ» አለችኝ። ፎርኖ አለሽ አይደል ስላት «አለኝ፣ ግን ትንሽ ነው፣ ዳቦው ቶሎ አይደርስልኝም። ሰው አልፎ ከሄደ በኋላ ነው የሚወጣው። ማታ ማታ የተረፈው ዳቦ መደርደሪያ ሞልቶ ይቀራል» አለች። መተየብ ጀመርኩ። «የማሽን እጥረት» ብዬ ልጽፍ ስል እጄ ቆመ። አንዱ ዙር ዳቦ ፎርኖ ውስጥ ስንት ደቂቃ ይቆያል? ብዬ ጠየቅኋት። «ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው» አለች። ታዲያ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ነገር እንዴት ይህን ያህል ያስረፍዳል?

በማግስቱ ማለዳ ሄጄ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ፎርኖው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ በርቷል። ግሏል። ግን ባዶውን ነው የጋለው። የመጋገሪያ ፓትራዎቹ ተደርድረዋል፣ ዱቄቱ ተነፍቷል፣ ሊጥ የለም። ጋጋሪው 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ እየሮጠ ገባ። ሊጡ ተቦካ። እስኪነሳ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጠበቀ። ከዚያ መቁረጥ፣ ማድቦልቦል፣ ፓትራ ላይ አድርጎ እንደገና እስኪነሳ መጠበቅ አለ። የመጀመሪያው ዳቦ ሲወጣ 2 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ተማሪው ክፍል ገብቷል፣ የቢሮው ሠራተኛ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ትኩስ ዳቦ የሚፈልገው ሰው ሁሉ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ባዶውን መደርደሪያ እያየ አልፏል።

ጋጋሪው ለምን ዘገየ? ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ እንዲያውም ላቡ ጠብ እያለ ነው የሚሠራው። ድሮ እዚሁ ጓሮ ተከራይቶ ይኖር ስለነበር ሌሊት 10 ሰዓት ሊጥ ላይ ነበር። ሰፈሩ ሲነሳ ከተማው ዳር ወዳለው አራብሳ ሄደ። ከዚያ በሌሊት ተነስቶ፣ ተሰልፎ፣ ታክሲ ቀይሮ አራት ኪሎ ለመድረስ ከዚህ የተሻለ ሊያደርግ አይችልም። ለካ የፎርኖው ማነስ የምትለው ነገር የመጣው ጋጋሪው ቤት በቀየረበት ወር ነው። እሷ ግን ሁለቱን አላያያዘቻቸውም፣ ማንም አልጠየቃትማ።

መፍትሔው ብድር አላስፈለገውም። ሊጡ ማታ ይቦካል። እርሾው ይቀነሳል፣ ውሃው ቀዝቃዛ ይሆናል፣ የአዲስ አበባ ሌሊት ደግሞ ብርዱን በነጻ ይሰጣል። ሊጡ ቀስ ብሎ ሲነሳ ያድራል። ጠዋት ጋጋሪው ሲደርስ የሚቀረው መቁረጥ፣ ማድቦልቦል፣ ፓትራ ላይ እስኪነሳ መጠበቅና መጋገር ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እርሾው በዝቶ ሊጡ ኮመጠጠ፣ ቀነሱት፣ ተስተካከለ። አሁን 1 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትኩስ ዳቦ አለ። ጣዕሙም ተሻሽሏል፣ ይህን ደንበኞቿ ናቸው የሚሉት። ያቺን ማመልከቻ ሳልጨርስ ሰረዝኳት።

እስቲ አስቡት፣ ብድሩ ቢፈቀድላት ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ትልቅ ፎርኖ ይገዛል፣ ትልቁ ፎርኖም ጠዋት ባዶውን ይግላል። ዳቦው ያው 2 ሰዓት ተኩል ይወጣል፣ የሚተርፈው ግን ይበዛል። ወር በወር የሚከፈል ዕዳ ይጨመርባታል። በእናንተ ሪፖርት ላይ ደግሞ «ድጋፍ የተደረገላት» ትባላለች። እሷን ዕዳ ውስጥ የሚከታትና እናንተን ውጤታማ የሚያሰኘው አንድ ወረቀት ነው፣ እኔም በእጄ ልተይበው ነበር። ይህ ሐሳብ እስካሁን እንቅልፍ ይነሳኛል።

እኔ የደረስኩበትን ነገር ሌሎች ድሮ ያውቁታል። በጃፓኑ ቶዮታ የምርት ሥርዓቱን ከቀረጹት አንዱ የሆነው ታይቺ ኦኖ አምስት ጊዜ «ለምን?» በሉ እያለ ያስተምር ነበር። የሚሰጠው ምሳሌ ይህ ነው። ማሽን ቆመ። ለምን? ጭነት በዝቶበት ፊውዙ ተቃጠለ። ጭነቱ ለምን በዛ? ኩሽኔታው በቂ ዘይት አላገኘም። ለምን? የዘይት ፓምፑ በደንብ አይስብም። ለምን? የፓምፑ ዘንግ ተበልቷል። ለምን? ማጣሪያ ስለሌለው የብረት ብናኝ ገብቶበታል። ፊውዙን ቀይሮ የሚሄድ ሰው በሚቀጥለው ወር ተመልሶ ይመጣል። ማጣሪያ የሚገጥም ሰው አይመለስም። ኦኖ መሐንዲሶቹን ፋብሪካው ወለል ላይ በጠመኔ በሠራው ክብ ውስጥ አቁሞ ለሰዓታት ዝም ብለው እንዲያዩ ያደርግ እንደነበርም ይታወቃል። የእኔ በርጩማ ማለት ነው።

ይህ ደግሞ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ካይዘን፣ ማለትም ሥራን በየጊዜው ጥቂት በጥቂት የማሻሻል የጃፓን አሠራር፣ ከገባ ቆይቷል። በ2002 እና በ2003 ዓ.ም. በጃፓን መንግሥት የልማት ትብብር ድርጅት በጃይካ ድጋፍ በ30 ፋብሪካዎች ተሞከረ፣ በ2004 ዓ.ም. ለዚሁ ሥራ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። አብዛኞቻችን የምናስታውሰው ግን አምስቱን «ማ»ዎች ብቻ ነው፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፣ መሳቢያው ስም ወጣለት፣ ወለሉ ቀለም ተቀባ። ጥሩ ነው፣ እኔም ሱቄን በዚያ አስተካክያለሁ። የመጠየቁ ልማድ ግን ከፖስተሩ ጋር አብሮ አልተሰቀለም። የካይዘን ልቡ ግን እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ሌላ ነገር ልንገራችሁ። በአካባቢዬ ያለ አንድ የመንግሥት ቢሮ፣ የቱ እንደሆነ አልናገርም፣ ወረፋው በዝቶ ሰው ሲጨቃጨቅ ቁጥር የሚሰጥ ማሽን ተገዛለት። ጭቅጭቁ ቀነሰ። ወረፋው ግን አልቀነሰም። እኔ ምክንያቱን ከሱቄ ሆኜ አየዋለሁ። ሰው ቁጥር ይወስዳል፣ ሁለት ሰዓት ይጠብቃል፣ መስኮቱ ጋ ሲደርስ «የዚህ ኮፒ ይቀራል» ይባላል። እየሮጠ እኔ ጋ ይመጣል፣ ሲመለስ ተራው አልፏል፣ ሌላ ቁጥር ይወስዳል። በማግስቱ ሌላ መስኮት ላይ ያለ ሠራተኛ ደግሞ ሌላ ወረቀት ይጠይቀዋል። አንድ ቀን ኮፒ የሚያነሳውን ሰው ሁሉ «ስንተኛ ጊዜህ ነው? ስንተኛ ጊዜሽ ነው?» እያልኩ ስጠይቅ ዋልኩ። አብዛኞቹ ለአንድ ጉዳይ ከአንድ ጊዜ በላይ የመጡ ናቸው። ወረፋው ውስጥ የቆመው ሕዝብ ብዙ የመሰለው ያው ሰው እየተመለሰ ስለቆመ ነው። በሩ ላይ ትክክለኛው ዝርዝር ቢለጠፍና ሁሉም መስኮት በዚያው ዝርዝር ቢሠራ ማሽኑ ራሱ ላያስፈልግ ይችል ነበር። ኮፒው ለእኔ ገቢ ነው፣ እውነት ነው። ግን ሱቁን ዘግቶ የመጣን ነጋዴ ሦስተኛ ቀን ሳየው በዚያ ገንዘብ ደስ አይለኝም።

የማውቀው የአንድ ልብስ ሰፊ ነገርም እንዲሁ ነው። ፒያሳ ያለው ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሲነሳ ደንበኞቹ ተበተኑ። ልኬታቸውን በደብተር ይዟል፣ ስልካቸውን ግን አልያዘም፣ ምክንያቱም ጎረቤቶቹ ስለነበሩ መደወል አያስፈልገውም ነበር። አዲሱ ቦታው ላይ ሥራ ሲጠፋበት የሦስት ቀን የደንበኛ አያያዝ ሥልጠና ተሰጠው። ሰውየው ደንበኛ መያዝ መቼ አቃተው? ደንበኞቹ የት እንደሄዱ ነው የጠፋበት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የእኛ ነጋዴ አልደበቀም፣ የሚጠይቀው ነው ያጣው።

መጠየቅ ሲባል ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁለተኛው «ለምን» ላይ የሰው ስም ይመጣና ነገሩ እዚያው ይቆማል። «ሠራተኛው ስለሚያረፍድ»፣ «ባለቤቷ ስለማታውቅ»። መልሱ የሰው ስም ከሆነ ገና አልደረሳችሁም፣ አንድ ጊዜ ጨምራችሁ ጠይቁ። ጋጋሪው አረፈደ ብላ ብታባርረው ኖሮ የሚቀጥለው ጋጋሪም ከዚያው ከሩቅ ነበር የሚመጣው። ደግሞ አንዳንዱ ችግር አንድ ሥር ብቻ የለውም። መብራትም፣ ኪራይም፣ የዕቃ ዋጋም ተደራርበው ይመጣሉ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የቀለምና የወረቀት ዋጋ ምን እንዳደረገኝ እኔ አውቀዋለሁ። ይህን ማታ ሊጥ በማቡካት አልፈታውም። ሁሉም ነገር በነጋዴው እጅ ነው እያልኩ አይደለም።

እንዲያውም የእናንተ ሥራ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። የችግሩ ሥር ቢሮ አይመርጥም። የዳቦው ችግር ትራንስፖርት ጋ ይደርሳል፣ የልብስ ሰፊው የቦታ አሰጣጥ ጋ፣ የወረፋው የሰነድ አሠራር ጋ። ብድር የሚሰጠው ክፍል ያለው ብድር ብቻ ስለሆነ የመጣውን ሁሉ በብድር ያክማል፣ ሥልጠና ክፍሉም በሥልጠና። ባለሙያዎቻችሁን እየወቀስኩ አይደለም። እጃቸው ላይ ያለው መሣሪያ ያ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ፎርሙ ላይ «ችግሩ የጀመረው መቼ ነው? በዚያን ጊዜ ምን ተለወጠ? ለምን?» የሚሉ ጥቂት መስመሮች ጨምሩ። ያቺን ጠባብ ሳጥን አስፏት። ገንዘብ ከመፈቀዱ በፊት አንድ ባለሙያ ሱቁ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይቀመጥ። የመክፈቻው ሰዓት ላይ ይድረስ እንጂ ለፎቶ ብቅ ብሎ አይመለስ። ያገኘው ምክንያት የሌላ ቢሮ ጉዳይ ከሆነ እዚያ ድረስ ይዞት እንዲሄድና መልስ እንዲያመጣ ሥልጣን ስጡት፣ ያለዚያ ያየውን አይቶ ዝም ነው የሚለው። በዓመቱ ደግሞ ስንት ሰው እንደሠለጠነና ስንት ብር እንደተበተነ ብቻ አትቁጠሩ። ያው ሰው በዚያው ችግር ተመልሶ መጥቶ እንደሆነ ጠይቁ። ይህ ሁሉ ጊዜ እንደሚወስድ አውቃለሁ። ግን አንድ ቀን በርጩማ ላይ መቀመጥ ከአንድ የተሳሳተ ፎርኖ ይረክሳል።

እኔ በበኩሌ ጀምሬያለሁ። ዕቅድ የሚያስጽፈኝን ሰው መተየብ ከመጀመሬ በፊት እጠይቀዋለሁ። አንዳንዱ ይቆጣል፣ «ዝም ብለህ ጻፍልኝ» ይላል፣ እጽፍለታለሁ። አንዳንዱ ግን መሀል ላይ ዝም ይልና «ቆይ እስቲ፣ ልሂድና አይቼው ልምጣ» ብሎ ይወጣል። የኮፒ ቤት ሰው ማድረግ የሚችለው እስከዚህ ነው። ከዚህ በላይ ያለው እናንተ ጋ ነው።

ከመካከላችሁ መጥቶ ማየት የሚፈልግ ካለ ሱቄ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ 1 ሰዓት ተኩል ላይ የሚደርስ ካለ፣ እትዬ ጋ አብሬው እሄዳለሁ። በዚያን ሰዓት ዳቦው እየወጣ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ