በአንድ ስም የተጠሩ ሁለት ነገሮች፦ ስለ «ጦረኛው ጂን»

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በጤና ዓምዳችሁ ስለ «ጦረኛው ጂን»፣ ማለትም ሰውን ለጠብ ያጋልጣል ስለሚባለው ኤምኤኦኤ የተባለ ጂን፣ የወጣው ጽሑፍ ሁለት የተለያዩ ግኝቶችን በአንድ ስም ጠርቶ አምታቷል። «የእባብ ልጅ እባብ» ማለት ለሚቀናው ሰው ይህ ጥሩ ማገዶ ስለሚሆን፣ እርማት እንዲወጣበት እንጠይቃለን።

አንደኛው ግኝት የኔዘርላንዱ ነው። ሃን ብሩነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተሙት ጥናት ስለ አንድ ቤተሰብ ነበር። ችግሩ ያለባቸው ወንዶች መለስተኛ የአእምሮ ዝግመት ነበራቸው፤ በትንሽ ነገር ይገነፍላሉ፣ እሳት እስከ መለኮስ የደረሱም ነበሩ። መነሻው በዚሁ ጂን ላይ የተለወጠች አንዲት የዲኤንኤ ፊደል ናት። በ«ሲ» ቦታ «ቲ» ገባች፤ ጂኑ የሚያሠራውና 527 አሚኖ አሲዶች ሊኖሩት የሚገባው ኢንዛይም 296ኛው ላይ ሲደርስ «አቁም» ተባለና ተቆርጦ ቀረ። ጂኑ ያለው በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሆነ አንድ ኤክስ ብቻ ያለው ወንድ መጠባበቂያ የለውም፤ እናቶችና እኅቶች በሁለተኛው ኤክስ ይተርፋሉ። እንዲህ ያለው ጉድለት እጅግ ብርቅ ነው።

ሁለተኛው ፈጽሞ ሌላ ነው። እዚህ ኢንዛይሙ ሙሉ ነው፤ የሚለያየው መጠኑ ነው። ከጂኑ ፊት ለፊት 30 ፊደል ያላት ቁራጭ ትደጋገማለች፦ በላቦራቶሪ ሴሎች ላይ ሲታይ 3 ጊዜ ከሆነች ጂኑ ዝግ ብሎ፣ 4 ጊዜ ከሆነች በርትቶ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው የኒውዚላንዱ የዱነዲን ጥናት ከ442 ወንዶች 163ቱ ዝግተኛውን ዓይነት ይዘው ተገኙ፤ ከሲሶ በላይ ማለት ነው። ሲሶው ሕዝብ የያዘውን ነገር «የገዳይ ጂን» ማለት እንዴት እንደሚቻል አይገባንም። ዝግተኛውን ይዘው በልጅነታቸውም የተንገላቱት ከወንዶቹ 12 በመቶ ብቻ ሆነው ሳለ፣ በኃይል ጥቃት ከተላለፉት የጥፋተኝነት ውሳኔዎች 44 በመቶው የእነርሱ ነበር። ጂኑን ይዘው በደኅና ያደጉት ግን ከሌላው የባሱ አልነበሩም። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ጥናቶችም ሁሉም ያንኑ አላገኙም።

«ሴሮቶኒን ሲያንስ ሰው ይቆጣል» የሚለው ዓረፍተ ነገራችሁም እንዲሁ በደፈናው አይሄድም። የዚህ ኢንዛይም ሥራ ሴሮቶኒን፣ ኖርአድሬናሊንና ዶፓሚን የተባሉትን የአንጎል መልእክተኛ ኬሚካሎች መሰባበር ነው። በኔዘርላንዶቹ ወንዶች ሽንት ውስጥ የሴሮቶኒን ስባሪ አንሶ የተገኘው ሰባሪው ስለጠፋ እንጂ ሴሮቶኒኑ ስላለቀ አይደለም። ቧንቧው ተደፍኖ ከታች ጠብ የሚል ቢጠፋ ጋኑ ባዶ ነው አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1995 ጂኑ በጠፋባቸው የአይጥ ግልገሎች አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን እስከ 9 እጥፍ ከፍ ብሎ ታይቷል፤ ወንዶቹ ካደጉ በኋላ እንግዳ አይጥ ሲገባባቸው ፈጥነው የሚነክሱ ሆኑ። በሌላ በኩል ይህንኑ ኢንዛይም የሚያግዱ የድብርት መድኃኒቶች አሉ። የሚወስዷቸው አዋቂዎች የሚነገራቸው የቆየ አይብ እንዳይበሉ ነው፤ አይቡ ውስጥ ያለው ታይራሚን ሳይሰበር ወደ ደም ገብቶ ግፊታቸውን በድንገት ያንረዋልና። ተደባዳቢ ትሆናላችሁ የሚላቸው ሐኪም የለም። ስለዚህ ትልቁ ጥርጣሬ አንጎል ገና በሚገነባበት ወቅት ኢንዛይሙ መጉደሉ ላይ ነው።

በጽሑፉ መጨረሻ አንባቢ የዚህን ጂን ምርመራ እንዲያደርግ መምከራችሁ ይበልጥ አሳስቦናል። ከጉንጭ በጥጥ የሚወሰደው ናሙና የሚቆጥረው ቁራጯ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመች ብቻ ነው። በጤነኛ ወንዶች ላይ በተደረገ የአንጎል ምስል ጥናት፣ አንጎል ውስጥ ያለው የኢንዛይሙ ሥራ ከዚህ ቁጥር ጋር አልገጠመም። በአንዱ ኤክስ 3፣ በሌላው 4 ያላት ሴት ውጤት ደግሞ ጭራሽ የሚተረጎም አይደለም፤ በየሴሉ ከሁለቱ ኤክሶች አንዱ ስለሚዘጋ የትኛው የት እንደሠራ ከጉንጭ አይታወቅም። የድግግሞሹን ቁጥር ሳይጽፍ «ጦረኛ ነዎት» ብቻ የሚል ወረቀት የመጣለት ሰው ገንዘቡን ቢያስመልስ ይሻለዋል።

ነፍስ ያጠፋ ተከሳሽ ጂኑ እንደ ቅጣት ማቅለያ የታየለትን የጣሊያኑን ፍርድ በተመለከተ፦ የትሪየስተ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ከእስራቱ የቀነሰው አንድ ዓመት ነው። ጽሑፋችሁ እንዳለው ተከሳሹ ነፃ አልወጣም።

ከሰላምታ ጋር
የሥነ ባሕርይ ዘረመል መምህራን