አመዳይ በየካቲት፦ የጓሮ አትክልት ክበብ ዓመት

የክበባት ዘገባ አብዛኛውን ጊዜ «ክበባችን በዓመቱ ውስጥ በርካታ ተግባራትን አከናውኗል» ተብሎ ይጀመራል። የኛም አከናውኗል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። በየካቲት መጀመሪያ፣ በአንድ የአመዳይ (የውርጭ) ሌሊት፣ 96 የቲማቲም ችግኝ አጥተናል። ጥፋቱ የብርዱ ብቻ አልነበረም።

መስከረም ላይ 41 ተማሪ ተመዘገበ። ግማሹ የመጣው ሚኒ ሚዲያ ሞልቶበት ነው፣ አልደብቅም። ጥቅምትና ህዳር በቁፋሮና በኮምፖስት አለፉ። ጎመን፣ ቆስጣና ነጭ ሽንኩርት ተከልን፣ ያዙልን። ታህሳስ ላይ ቲማቲምና ቃሪያ በችግኝ መደብ ዘራን። ከዚያ ጥምቀት መጣ። ጎንደር ላይ በጥምቀት ሰሞን የክበብ ስብሰባ ጠርቶ የተሳካለት መምህር ካለ ይንገረኝ። ቀጥሎ ፈተና ሆነ። ተማሪው ከመንፈቅ ዓመት እረፍት ሲመለስ ቲማቲሙ አንድ ስንዝር ሆኖ ጠበቀን።

ብርዱ አልፏል ብዬ ነበር። እዚህ ከተማ ስለ ውርጭ ሲወራ «እሱ የዳባትና የደባርቅ ነው» እንላለን። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ ጎንደር ከ2,100 ትንሽ ከፍ ብትል ነው። ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል ብዬ ክፍል ውስጥ የማስተምረው እኔው ነኝ። በዚህ ሂሳብ ተማምኜ ችግኙን ከግቢው በታች፣ ወደ ጅረቱ በሚወርደው ጥግ አስተከልኩ። ቦታው ለውሃ ይቀርባል። አፈሩ ጥቁር ነው። ከታች ያለው የድንጋይ ካብ ከብት አያሳልፍም። በችግኙ መሃል ደግሞ ጭድ ጎዘጎዝን። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

የማታ ጥበቃችን የወገራ ሰው ናቸው። ተማሪው «አባባ» ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። በዚያ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልወጣ ስል በር ላይ ያዙኝ።

«መምህር፣ አንቱ ሰማዩን አላዩትም?»

ቀና አልኩ። አንድ ቁራጭ ደመና የለም።

«ነፋሱም ቆሟል። ዛሬ አመዳይ ይጥላል።»

«አባባ፣ የካቲት እኮ ገባ።»

«እሱ ወር ቆጥሮ ነው የሚመጣው?»

ሳቅ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጠዋት ስደርስ በካቡ ጥላ ሥር ያለው ሣር ስኳር የተነሰነሰበት ይመስላል። ቲማቲሙ መጀመሪያ ደህና መሰለኝ። ቀጥ ብሎ ቆሟል። አንዱን ቅጠል በሁለት ጣቴ ያዝ ሳደርገው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ፀሐይዋ ካቡን አልፋ ስትመጣ ደግሞ ዓይናችን እያየ ቅጠሉ ጠቆረ፣ እንደተቀቀለ ጎመን ግንዱ ላይ ተንጠለጠለ። በየቀኑ ውሃ የምታጠጣው የ9ኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ ውሃ ብናጠጣው ይነሳል?» አለችኝ። የጠማው ችግኝ ውሃ ሲያገኝ ይነሳል። ይሄኛው ግን በረዶው የህዋሶቹን ሽፋን አበላሽቶታል፤ ሲቀልጥ ውሃው ዝም ብሎ ይፈሳል። ይህን ለማስረዳት ጥቁር ሰሌዳ አላስፈለገኝም፣ እጄ ላይ ነበር።

የገረመን ሌላው ነው። አጠገቡ ያለው ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ንቅንቅ አላለም። እነሱ ብርድ ይችላሉ፣ ይሁን። በችግኝ መደቡ ላይ፣ ከሣር ዳሱ ሥር የቀሩት 52 ቲማቲሞችና ቃሪያው ግን አንድ ቅጠል አልተነኩም። ሣር ብቻ ነው የሸፈናቸው።

ከቤተ ሙከራ ሁለት ቴርሞሜትር ተዋስን። አንዱን እንጨት ላይ በደረት ከፍታ አሰርን፣ ሌላውን ከመሬት አንድ ጣት ከፍ አድርገን አስቀመጥን። አባባ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በባትሪ እያነበቡ ደብተር ላይ ይጽፉ ነበር። ስምንት ሌሊት አንድም አላሳለፉም፤ የቤት ሥራ እንዲህ የሚሠራ ተማሪ ቢኖረኝ! ደመና ባለበት ሌሊት ሁለቱ ቴርሞሜትሮች ይቀራረባሉ። ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ግን የላይኛው 5 ሲል የታችኛው 1 ይላል። ለካ የአየር ሁኔታ ዘገባ የሚነግረን የላይኛውን ነው፣ ችግኙ የሚኖረው ደግሞ ታች ነው። መሬት ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቃል። ደመና ወይም የሣር ዳስ ካለ የተወሰነው ይመለሳል። ከሌለ ሄደ ማለት ነው።

ቀጥሎ ቴርሞሜትሮቹን አንዱን ሰንደቅ ዓላማው ጋ፣ አንዱን ታች ጥጉ ላይ አደረግን። በአንድ ግቢ ውስጥ የ3 ዲግሪ ልዩነት! ቀዝቃዛ አየር ይከብዳል፣ እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርዳል። ያ የተመካሁበት ካብ ግድብ ሆኖ አጠራቅሞታል። እኔ ችግኙን ገንዳ ውስጥ ነው ያስተከልኩት። ጭዱ ደግሞ አባሰው፤ የአፈሩ ሙቀት ሌሊት ወጥቶ ቅጠሉ ጋ እንዳይደርስ ከደነው። ጉዝጓዝ ለድርቅ ጥሩ ነው፣ ለውርጭ ሌሊት አይደለም።

ምን ይደረግ የሚለው ክርክር ሁለት ስብሰባ ፈጀ። አንዱ «እንደ ህዳር 12 እናጥነው!» አለና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። (ህዳር ሲታጠን ከ1911ዱ የህዳር በሽታ ጋር ይያያዛል፣ የታሪክ መምህሩ ይጠየቁ።) አባባም ጭስ ይረዳል ባይ ናቸው። እኔ አልተስማማሁም። ጭስ የመሬቱን ሙቀት እንደ ደመና አይመልስም፤ ጠቀመ ከተባለ የጠቀመው እሳቱ ነው። እስከ ዛሬ አልተማመንንም። ሌላዋ ሌሊቱን ውሃ እንርጭ አለች። ሐሳቡ ልክ ነው፤ 1 ኪሎ ውሃ በረዶ ሲሆን 334 ኪሎ ጁል ሙቀት ይለቃል። ግን ጠዋት በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ሳያቋርጡ መርጨት ነው፤ መሃል ላይ ካቆሙት ጭራሽ ይብስበታል። የኛ ቧንቧ ደግሞ በመጣም ቀን ሌሊቱን ስለመዝለቁ ዋስትና የለውም። ተውነው።

መሸፈን ቀረ። የቀሩትን 52 ችግኞች ሰንደቅ ዓላማው ጋ ተከልን፣ ያለ ጭድ። በየካቲት አጋማሽ አባባ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወሉ፤ «ሰማዩ እንደዚያን ቀን ነው።» ይህን ጊዜ አልሳቅኩም። አፈሩን ወዲያው አጠጣን፣ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት በደንብ ይይዛልና። የባህር ዛፍ ጭራሮ አጉብጠን ተከልን። ጀምበር ሳትጠልቅ የማዳበሪያ ከረጢትና ጆንያ አለበስነው። ጫፉ መሬት እስኪነካ አውርደን ዙሪያውን በድንጋይ ተጫንነው፤ ያለዚያ ከታች የሚወጣው ሙቀት ያመልጣል። ለ12 ችግኝ ጆንያ አልደረሰም። ለስድስቱ ቂጡ የተቆረጠ ሃይላንድ ደፋንባቸው። ለቀሩት ስድስት አባባ ጋቢያቸውን አወለቁ።

«አባባ፣ ሌሊቱን ምን ሊለብሱ ነው?»

«እኔ እሳት አለኝ፣ እነሱ የላቸውም።»

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ገለጥን፤ ፀሐይ ከበረታ በኋላ ተሸፍኖ ከቆየ ደግሞ ይቀቀላል። 48ቱ ደህና ነበሩ። አራቱ ጫፋቸው ጠቁሯል፣ አራቱም ከሃይላንድ ሥር ናቸው፤ ቅጠላቸው ፕላስቲኩን የነካበት ቦታ ብቻ ነው የተቃጠለው። ልጆቹ የጠቆረውን ሊቆርጡ መቀስ አምጥተው ነበር፣ ከለከልኳቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስቱ ከሥር አቆጠቆጡ።

ሌላውን ቶሎ ልጨርስ። በጥያቄና መልስ ውድድር ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣን። ግንቦት ላይ ቲማቲሙን ለመምህራን ሸጠን ሁለት ውሃ ማጠጫ ገዛን። ከ41 አባላት ዓመቱን የጨረሱት 27 ናቸው። ካቡ ላይ በአንድ በኩል የክንድ ስፋት ያለው ቀዳዳ ከፍተናል፣ ቀዝቃዛው አየር እንዲወርድ። አባባ ይጠባል ይላሉ፣ ከብት ያሰጋል የሚሉም አሉ። ለመጪው ዓመት የታችኛው ጥግ ለጎመንና ለነጭ ሽንኩርት ተመድቧል።

ጋቢው ታጥቦ ለባለቤቱ ተመልሷል። ሦስት ጊዜ ታጥቦም የቲማቲም ቅጠል ያሳረፈበት አረንጓዴ እድፍ አለቀቀም። አባባ በዚያ በኩል ወደ ውጭ አድርገው ይለብሱታል።