እግር ግጠሙ!

ይድረስ በጣም ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እማማስ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ካንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም ብዬ እንደ ድሮው ልቀጥል ነበር። ግን አራት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬሽ፣ ዛሬ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው መጻፍ አልሆነልኝም። ከከበደኝ ልጀምር።

አባትሽ፣ ጋሼ፣ ያረፉ ቀን ሦስት ጊዜ ደውለሽልኛል። ሦስቱንም አላነሳሁም። ማታ ጥሪሽን ሳየው እዚያ አሁን ሌሊት ነው ብዬ ተውኩት። በማግስቱም ዋልኩ አመሸሁ። በሦስተኛው ቀን ደወልኩና አምስት ደቂቃ አወራን። የት ጠፍተሽ ነው ስትይኝ ሥራ ላይ ነበርኩ አልኩሽ። ሥራ ላይ አልነበርኩም። ኢሎይ በሚባል የአሪዞና በረሃ፣ ስልኬን ሎከር ውስጥ ቆልፌ፣ ከአውሮፕላን ስዘል ነበር የዋልኩት። ሁለቱንም ቀን።

እኔን ከልጆቻቸው ለይተው አይተውኝ የማያውቁ ሰው ናቸው። ለቅሷቸው ላይ አልተቀመጥኩም፣ አንቺን በቅጡ አላጽናናሁም፣ በዚያ ላይ ዋሸሁሽ። ከዚያ በኋላ በምን አፌ ልደውል? ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት። ይቅርታ አድርጊልኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

አሁን ግን ሁሉንም ልንገርሽ። ከማንም በፊት መስማት የነበረብሽ አንቺ ነሽ።

አብራኝ የምትሠራ ነርስ ልደቷን በፓራሹት ዘልዬ አከብራለሁ ብላ ይዛኝ ሄደች። ኢሎይ ከፊኒክስ ወደ ቱሳን ሲኬድ የአንድ ሰዓት መንገድ ናት። የመጀመሪያ ቀን ከአስተማሪ ጋር ታስሬ ዘለልኩ። ፓራሹቱ ተከፍቶ ያ ሁሉ የንፋስ ጩኸት ድንገት ጸጥ ሲል፣ ምን ትዝ አለኝ መሰለሽ? ቢሾፍቱ፣ የግቢያችሁ የድንጋይ አጥር።

ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ አጥሩ ላይ ያወጡን ነበር። ያንን የአየር ወለድ ቡትሳቸውን አድርገው ከታች ይቆማሉ። «እግር ግጠሙ! ጉልበት አላሉ! መሬት አትዩ!» ይሉናል። እንዘላለን፣ ሣሩ ላይ እንንከባለላለን፣ እንደገና እንወጣለን። እማማ ከማድ ቤት ብቅ ብለው «ልጆቹን ሊሰብሯቸው ነው!» ይላሉ። ጋሼ ግን አይሰሙም። አንቺ ሁልጊዜ ከእኔ ቀድመሽ ነበር የምትዘይው።

የእሳቸው ዝላይና የእኔ ይለያያል። እንዳጫወቱን ገመዱ ዳኮታ የሚባለው አውሮፕላን ውስጥ ይታሰራል፤ ወታደሩ ሲወጣ ገመዱ ፓራሹቱን ስቦ ይከፍተዋል። እኛ ለውድድር የምንወጣው ከ10,500 ጫማ ነው። 3,200 ሜትር ማለት ነው። እንጦጦ ጫፍ ከባሕር ወለል ያለውን ከፍታ ያህላል። ፓራሹቱን ራሳችን የምንከፍተው ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ስንደርስ ነው። እስከዚያ ድረስ በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት በደረታችን አየሩ ላይ ተኝተን እንወርዳለን። ውድድሩ እዚያ ላይ ነው።

አዎ፣ ውድድር። ባለፈው ጥቅምት በአሜሪካ ብሔራዊ የስካይዳይቪንግ ሻምፒዮና ተወዳደርኩ። በመካከለኛው ምድብ፣ አራት ሰው አየር ላይ ተያይዞ ቅርጽ በሚሠራበት ውድድር ማለት ነው። አንዱ የቡድናችን አባል የ58 ዓመት የሒሳብ አስተማሪ ነው። አንዷ ኤሌክትሪሻን ናት። አንዱ የከባድ መኪና ሾፌር። አራተኛዋ እኔ ነኝ። አምስተኛው ካሜራ ራሱ ላይ አስሮ ከላይ ሆኖ ይቀርጸናል። ዳኞቹ መሬት ላይ ቁጭ ብለው የሚያዩት እሱ የቀረጸውን ነው። እሱ ከሳተን ያ ሁሉ ልፋት አይቆጠርም።

ቅርጾቹ የታወቁ ናቸው፤ ፊደልና ቁጥር አላቸው። ውድድሩ ሳይጀመር ዕጣ ይወጣና በ10ሩም ዙር የቱ ከየቱ ቀጥሎ እንደሚሠራ ይነገረናል። የመጀመሪያው ሰው ከአውሮፕላኑ ከተላቀቀባት ቅጽበት አንስቶ 35 ሰከንድ አለሽ። አንዱን ቅርጽ ትይዣለሽ፣ ትለቂያለሽ፣ ቀጣዩን ትይዣለሽ። ዝርዝሩ ካለቀ ከላይ መጀመር ነው። በትክክል የተያዘ ቅርጽ ሁሉ አንድ ነጥብ ያስገኛል። እዚያው ኢሎይ የሚሠለጥኑት አሪዞና ኤርስፒድ የሚባለው ቡድን ልጆች በዚያች 35 ሰከንድ ከ20 በላይ ይሠራሉ። ስታያቸው አራት ሰው አይመስሉም። አንድ እጅ ሲጨበጥና ሲዘረጋ ነው የሚመስሉት።

እኛ ዓመት ሙሉ ተዘጋጀን። ማታ ተረኛ ስለሆንኩ ጠዋት ከሆስፒታል ወጥቼ በቀጥታ እሄድ ነበር። ጎማ ባለው ሰሌዳ ላይ በደረታችን ተኝተን፣ ሲሚንቶ ላይ እየተንሸራተትን ቅርጾቹን እንለማመዳለን። ከዚያ ከታች ወደ ላይ ንፋስ የሚነፋ ትልቅ ቱቦ ውስጥ ገብተን እንንሳፈፋለን። ከዚያ አውሮፕላን።

የመጀመሪያው ቀን ሦስተኛ ዙር ላይ ዶናት የሚባል ቅርጽ ነበረብን። ክብ ሠርተሽ እያንዳንዱ ሰው የጎረቤቱን እግር ይይዛል። እኔ የሾፌሩን እግር ነካሁት እንጂ አልያዝኩትም። የያዝኩት መስሎኝ ቀጠልን። ማታ ቪዲዮውን ስናየው በእጄና በእግሩ መሃል ሰማይ ይታያል። ዳኞቹም አይተውታል፤ ነጥቡ ሄደ። ማንም ምንም አላለኝም። የሒሳብ አስተማሪው ትከሻዬን ያዝ አድርጎ «ገና 7 ዙር አለን» ብቻ አለ። እኔ ግን ያንን ቪዲዮ ደጋግሜ ሳይ ያቺ የአምስት ደቂቃ ስልክ መጣችብኝ። አንቺንም እንዲያ ነው ያደረግኩሽ። ነካሁሽ እንጂ አልያዝኩሽም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ሰባተኛው ዙር ጥሩ ሄደልን። ቅርጻችንን ጨርሰን ተለያየን፣ ፓራሹቴ ተከፈተ፣ ሜዳው ላይ ለማረፍ ተስተካከልኩ። መሬት ልነካ ሦስት ሜትር ያህል ሲቀረኝ የበረሃው ንፋስ አቧራ እያሽከረከረ መጣ። ፓራሹቱ ከላዬ ሟሸሸ፣ እኔም ወደቅኩ። ለማሰብ ጊዜ አልነበረም። ግን እግሬ በራሱ ገጠመ፣ ጉልበቴ ላላ፣ ልክ እንደ ሣሩ ላይ ተንከባለልኩ። ሲቆም አቧራው ውስጥ ጋደም ብዬ አለቀስኩ። ሾፌሩ የተሰበርኩ መስሎት እየሮጠ መጣ። አይ፣ ደህና ነኝ፣ ጋሼ ናቸው አልኩት። ምን እንደምል አልገባውም፤ ብቻ አጠገቤ ቁጭ አለ። እዚህም ስንማር እንዲህ አወዳደቅ ያስተምሩናል። እኔ ግን የተማርኩት ከማን እንደሆነ አውቃለሁ። በዚያች ሰዓት አጠገቤ እንድትሆኚ የፈለግኩት አንቺን ነበር።

አሁን እንደምትጨነቂ አውቃለሁ። አደጋ የለውም ብዬ አልዋሽሽም፤ አንድ ጊዜ ዋሽቼሽ በቃኝ። በፈረንጆቹ 2023 በአሜሪካ ከ3.6 ሚሊዮን በላይ ዝላይ ተደርጎ 10 ሰው ሞቷል። ጀርባዬ ላይ ሁለት ፓራሹት አለ። ሁለተኛው መጠባበቂያ ነው፤ ፈቃድ ያለው ባለሙያ በየ180 ቀኑ ፈትቶ መርምሮ እንደገና ያጥፈዋል። ራሴን ብስት እንኳ ከፍታውን የምትቆጥር ትንሽ መሣሪያ አለች፣ እሷ ትከፍትልኛለች። ንፋስ ሲበዛ አንወጣም። እኔም ደክሞኝ ከሆነ አልዘልም።

በ10 ዙር 87 ነጥብ አግኝተን አራተኛ ወጣን። ከሦስተኛው የለየን 2 ነጥብ ነው። ዶናቷ አንዷ ናት። አሁንም ይቆጨኛል።

ለጥምቀት እመጣለሁ። ፈቃዴን አስፈርሜአለሁ። ፊቴን ማየት ካልፈለግሽ እረዳሻለሁ፤ እማማን ተሳልሜ እመለሳለሁ። ከፈለግሽ ግን ጋሼ መቃብር አብረሽኝ ሂጂ። የት እንደተቀበሩ እንኳ አላውቅም። ያ ቡትሳቸው ካለ ለማንም አትስጡብኝ፤ አንዴ ልየው።

ስልኬ ያው የድሮው ነው። አሁን ሎከር ውስጥ አልቆልፈውም። ስዘል መሬት ላይ ለሚቀር ሰው እሰጠዋለሁ። ከኢትዮጵያ ከተደወለ እንዲያነሳ ነግሬዋለሁ። አማርኛ አይችልም፤ «ትመጣለች» የምትለዋን አንዲት ቃል ግን አስተምሬዋለሁ።

ናፋቂ እህትሽ፣
ከፊኒክስ