የእቁባችን ደብተር ላይ ብሔር የሚል ቦታ የለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን ጋዜጣችሁ ላይ ሕዝቡ ስብሰባ ሲጠራ አይመጣም፣ ፖለቲካ ሰልችቶታል ምናምን የሚል አንብቤ ነው የምጽፈው። እኔ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ሱቅ አለኝ፣ የእቁባችን ጸሐፊም ነኝ፣ እቁቡን የጀመርነው በ1998 የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ እቃችንን ጠርጎ ከሄደ በኋላ ነው፣ ያኔ ዞር ብሎ የሚያየን አልነበረም አቦ፣ እርስ በርስ ነው የተቋቋምነው።

ደብተሩን ብታዩት ትስቃላችሁ። "ሳምቡሳዋ"፣ "ባጃጁ"፣ "የሽንኩርቷ ልጅ" እየተባለ ነው የተጻፈው፣ የግማሾቹን መታወቂያ ላይ ያለውን ስም እስካሁን አላውቀውም። ባለፈው ዕጣ የወጣለት ልጅ "የሳምቡሳዋ ልጅ ሰርግ ደርሷል ለሷ ስጧት እኔ እቆያለሁ" ብሎ ተራውን ለቀቀላት፣ ኦሮምኛው ሶማልኛው አማርኛው ተደበላልቆ ተመረቀ፣ ብሩን ስትወስድ ዋስ የሆናት ደግሞ ባጃጁ ነው። የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ትከፍያለሽ ወይስ አትከፍይም።

አሁን ደግሞ ወደ ቢሮ እንምጣ። ለልጄ ጉዳይ ላስፈጽም ሄጄ ፎርሙ ላይ ብሔር ይላል፣ እናቷ ኦሮሞ ናት፣ የኔ አባት ጉራጌ እናቴ ሐረሪ፣ "ድሬ ብለህ ጻፈው" ስለው ፎርሙን የሚሞላው የቢሮው ልጅ ሳቀና "አንዱን ምረጥ ጋሼ" አለኝ፣ ዝም ስለው በአባቴ በኩል አድርጎ ሞላት። (ለፋይዳ መታወቂያ ስንመዘገብ እኮ ስም፣ የልደት ቀን፣ አድራሻ፣ አሻራና ዓይን ነው የወሰዱት፣ ብሔር ብሎ የጠየቀን የለም፣ ስለዚህ ይቻላል ማለት ነው።)

የከተማዋ ሥልጣን 40 ለኦሮሞ 40 ለሶማሌ 20 ለሌላው እየተባለ እንደሚከፋፈል ድሬ ውስጥ የማያውቅ የለም። ከየት እንደመጣ ይገባኛል፣ ሁለቱም ክልሎች የኛ ናት ስላሉ ነው ድሬ በፌዴራል ስር ሆና በ1996 ቻርተር የወጣላት፣ ድሮ ቢሮ ገብቶ በቋንቋው የሚያናግረው ያጣ ሰው እንደነበረም አልክድም። ግን ልጄን የቱ ጋ ልመድባት? በእናቷ 40 ውስጥ በኔ 20 ውስጥ እያልኩ ላካፍላት?

ለዚህ ነው ስብሰባ የማልሄደው ልል ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ግን ሌላም ምክንያት አለ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ተሰልፌ መርጫለሁ፣ ከዚያ በኋላም የቀበሌ ስብሰባ ተጠርቼ ሄጃለሁ፣ ስለ ውሃ ተናገርኩ፣ አቴንዳንስ ፈረምን፣ የተናገርነው የት እንደገባ ያየ የለም። የኔን ደብተር ግን የፈለገ አባል መጥቶ ይገልጠዋል፣ 50 ብር ብትጎድል እንዴት እንደሚያፋጥጡኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ቀበሌም ቃለ ጉባኤውን ግድግዳ ላይ ይለጥፍልን፣ ማን ምን አለ፣ ከተባለው ምኑ ተሠራ፣ ብሔር የምትለዋንም መስመር ከፎርሙ ያውጣልን።

እስከዚያ በስብሰባ ቀን ሱቄን አልዘጋም። እሁድ እዘጋለሁ፣ ዕጣ አለ።

የቀፊራ ነጋዴ፣ ከድሬዳዋ