ደብዳቤ ለልጄ፦ የአያትሽ ሣጥን አይከፋፈል

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽን ጉልበቱን ትንሽ ያመዋል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም።

ስለ አያትሽ ሣጥን የላክሽውን ቴክስት አየሁት። "እማ፣ ሁሉንም ስካን አድርጉትና ዕቃውን ተካፈሉት፤ ምን ያጨቃጭቃል?" ብለሻል። ልደውልልሽ ነበር፤ ነገሩ ግን ረዘመብኝ። አክስቶችሽም የሚሉት ያንኑ ነው። መጽሐፍ ቅዱሱ ለአንዷ፣ ፎቶዎቹ ለሌላዋ፣ ደብዳቤዎቹ ደግሞ "ለሚፈልግ ሰው"። እኔ ምራት ነኝ። በባል ቤተሰብ ውርስ መሀል መግባት እንደማያምርብኝ ይገባኛል። አያትሽ ግን ልጆቻቸው ሁሉ እያሉ ሣጥኑን እኔ ቤት ያስቀመጡት እንዲሁ አይመስለኝም። ስለዚህ የማስበውን ልበል።

ምን ምን እንዳለበት አንቺም በደንብ አላየሽውም። ሣጥኑ ራሱ ያባትሽ ዘሮች ከጀርመን ወደ አሜሪካ ሲሰደዱ በመርከብ ይዘውት የመጡት የእንጨት ሣጥን ነው፤ ፊቱ ላይ የባለቤቱ ስምና መድረሻው በቀለም ተጽፏል። ውስጡ ልደትና ሞት የተመዘገበበት መጽሐፍ ቅዱስ አለ። የመዝሙር መጽሐፍ አለ። የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ በቀጭን ቆርቆሮ ላይ የተነሱ ፎቶዎች፣ አንድ የተጎነጎነ የሴት ፀጉር። ፀጉሩን አትጸየፊው፤ በዚያ ዘመን የሟች ፀጉር ለመታሰቢያ ይቀመጥ ነበር። የቀረው በሙሉ ከጀርመን የተላከ የጀርመንኛ ደብዳቤ ነው፤ ከ1850ዎቹ ጀምሮ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ድረስ። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ።)

የሚያነቡልን አንድ ጡረታ የወጡ የሉተራን ፓስተር ናቸው። የመጀመሪያውን ሲያነቡልኝ ሳቄ መጣ። "እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ጤነኞች ነን፤ እናንተም እንደዚሁ እንደሆናችሁ ተስፋ እናደርጋለን" ይላል። ሁለተኛውም እንደዚያው። የዚያ ዘመን የስደተኛ ቤተሰብ ደብዳቤ አብዛኛው አጀማመሩ እንዲህ ነው አሉኝ። አባቴ ከደሴ ይጽፍልኝ የነበረውን የማነብ መሰለኝ። ከሰላምታው በኋላ ያለውም አይለይም። ማን ሞተ፣ ማን አገባ፣ አዝመራው እንዴት ነው፣ ላም ስንት ይሸጣል፣ ገንዘብ መቼ ትልካለህ።

ያባትሽ ዘሮች የመጡት ከሰሜን ምዕራብ ጀርመን፣ ከኦስናብሩክ አካባቢ ነው። እዚያ መሬት የሌለው ገበሬ ከባለመሬቱ ጎጆና ቁራሽ ማሳ ይከራያል፤ በለውጡ በተጠራ ቁጥር እየሄደ ለባለመሬቱ ይሠራል። የኛ አገር ጭሰኛ በይው። ትርፍ ጊዜያቸውን ተልባ እየፈተሉና በፍታ እየሸመኑ ይደጉሙ ነበር። የፋብሪካ ጥጥ ገበያውን ሲይዘው ያም ቀረ። በዚያ ላይ ጎትፍሪድ ዱደን የሚባል ጀርመናዊ እዚህ ሚዙሪ ኖሮ ተመልሶ፣ በ1829 አገሩን አሳምሮ ጻፈ። ያንን ያነበበና የሰማ ሁሉ ወደዚህ ጎረፈ። አያትሽ ልጅ ሆነን ወይን ስንለቅም ነበር የሚሉት ኸርማን ከተማ እንኳ በ1837 ጀርመኖች የቆረቆሩት ነው። የኛዎቹ ከብሬመርሃፈን ተሳፍረው ኒው ኦርሊንስ ወረዱ፤ ከዚያ በእንፋሎት ጀልባ ሚሲሲፒን ሽቅብ ወጥተው ሴይንት ሉዊስ ደረሱ።

ይሄን ሁሉ ያወቅነው ከሣጥኑ ነው። የሐምቡርግ ወደብ የመንገደኞች መዝገብ ከ1850 ጀምሮ ያለው ተርፏል። የኛዎቹ የተሳፈሩበት የብሬመኑ ግን አልተረፈም። አብዛኛውን "ቦታ ጠበበን" ብለው የገዛ ጽሕፈት ቤቱ ሰዎች አስወገዱት፤ የተረፈው ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጠፋ። ዛሬ በእጅ ያለው በ1920 እና በ1939 መካከል ያለው ነው። እዚህ አሜሪካ በኩል ያለው መዝገብ ደግሞ ብዙ ጊዜ "ሃኖቨር" ወይም "ፕሩሺያ" ብሎ ያልፋል እንጂ መንደር አይጠራም። የመንደሩን ስም የምናገኘው ከክርስትናው ወረቀትና ከደብዳቤዎቹ ራስጌ ላይ ነው። አንዷ አክስትሽ ወረቀቱን፣ ሌላዋ ደብዳቤውን ብትወስድ ከሃያ ዓመት በኋላ ሁለቱን ማን ያገናኛቸዋል?

ደግሞ እኛ ጋ ያለው የወሬው እኩሌታ ብቻ ነው። ከጀርመን የተጻፈው እዚህ አለ፤ ከሚዙሪ የተጻፈው መልስ ጀርመን ቀርቷል። አንድ ደብዳቤ ላይ "ስለ ልጁ የጻፍክልን በጣም አሳዘነን" የሚል አለ። የትኛው ልጅ? ምን ሆኖ? መልሱ እዚያ ነው ያለው። ጀርመን ውስጥ ጎታ በምትባል ከተማ ያለው የምርምር ቤተ መጻሕፍት ከአሜሪካ የተላኩ የስደተኛ ደብዳቤዎችን ከየቤተሰቡ ተቀብሎ በሺዎች ያስቀምጣል። የኛዎቹ እዚያ ካሉ ብዬ ኢሜይል ልኬያለሁ። ጎታ ሲባል እኔ ቶሎ የመጣብኝ ያገሬ ሰው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። የመካነ ሥላሴ ሰው፣ ወሎዬ። በ1652 የጎታው መስፍን ጋብዟቸው ሄደው ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባለውን ጀርመናዊ ምሁር ግዕዝና አማርኛ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ባንቺ ውስጥ የተገናኙት ሁለት አገሮች ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በፊትም ይተዋወቁ ነበር ማለት ነው። ይሄ ግን ሌላ ወሬ ነው።

እንግሊዝኛውን እንጂ ጀርመንኛውን ለምን አላስተማርከኝም እያልሽ አባትሽን ትወቅሺው ነበር። እሱ ምን ያድርግ፤ ነገሩ የተቆረጠው ከሱ በፊት ነው። በ1918 አሜሪካ ከጀርመን ጋር ስትዋጋ፣ ጎረቤታችን አይዋ ግዛት ላይ ገዥው በአደባባይም፣ በቤተ ክርስቲያንም፣ በስልክም ከእንግሊዝኛ ሌላ እንዳይነገር አዘዙ። እዚሁ ሴይንት ሉዊስ በርሊን የሚባለው ጎዳና ፐርሺንግ ተባለ። ከወንዙ ማዶ ኮሊንስቪል ላይ ደግሞ ሮበርት ፕራገር የሚባል ጀርመናዊ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ነበር። በኤፕሪል 1918 ሰዎች ተሰብስበው ዛፍ ላይ ሰቀሉት። ከመስቀላቸው በፊት ድሬስደን ላሉት እናትና አባቱ ጥቂት መስመር እንዲጽፍ ፈቀዱለት። ዛሬ መሞቴ ነው፣ ጸልዩልኝ ብሎ ጻፈ። የተከሰሱት በሙሉ ነፃ ወጡ።

ያኔ ነው ብዙ ቤተሰብ የጀርመንኛ ወረቀቱን ያቃጠለው። ያያትሽ አባት አላቃጠሉም፤ ሣጥኑን ከአልጋ ልብስ ሥር ቀበሩት፣ ልጆቹንም ጀርመንኛ አታውሩ አሉ። ይሄን ሲነግሩኝ ብዙ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። የኔም አባት በቀይ ሽብር ጊዜ የወንድሙን ደብዳቤዎች ምድጃ ውስጥ ሲከት አይቻለሁ። አጎቴ ምን ይጽፍ እንደነበር እኔ ልነግርሽ የማልችለው ለዚህ ነው።

ወደ ስካኑ ልምጣ። ስካን አድርጊ ያልሽው ትክክል ነው፣ እያደረግን ነው። ፖስታውንም ጭምር፤ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ቀን የሌለውን ደብዳቤ ቀን ይሰጠዋል። ግን ስካኑን ማን ያነበዋል? ጽሕፈቱ ኩረንት የሚባለው የድሮ የጀርመን የእጅ ጽሕፈት ነው። "ኤን" እና "ኢ" የሚባሉት ፊደላት መንትያ ናቸው። በ1941 የናዚ መንግሥት ከትምህርት ቤት ስላስወጣው የዛሬ ጀርመናዊ ወጣት ራሱ ያያቱን ደብዳቤ ማንበብ ይቸግረዋል። ኢንስብሩክ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ትራንስክሪቡስ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ የእጅ ጽሕፈት ያነባል። ጎበዝ ነው፤ የሰውና የመንደር ስም ላይ ግን ይዘባርቃል። ፓስተሩ ሲጠራጠሩ ዋናውን ወረቀት ወደ መስኮት ይዘው ይሄዳሉ። ስካኑን ወደ መስኮት መያዝ አይቻልም።

የሚገርምሽ፣ የ1850ዎቹ ደብዳቤዎች ከ1900ዎቹ ይልቅ ደህና ናቸው። የድሮው ወረቀት ከጨርቅ ቁራጭ ነበር የሚሠራው። በኋላ ኬለር የሚባል ጀርመናዊ እንጨት ፈጭቶ ወረቀት የሚሠራበትን መንገድ አገኘ። ወረቀት ረከሰ፤ ግን አሲድ ስላለበት እየቆየ ይቢጫል፣ ሲነኩት ይሰበራል። ከዚያ ደግሞ ከኛ በፊት አንድ ደግ ሰው የተቀደደውን ሁሉ በስኮች አጣብቆታል። ማጣበቂያው ቡናማ ሆኖ ጽሑፉ ውስጥ ገብቷል። እሱን ባለሙያ ያላቅቀው፣ እኔ አልነካውም። ላስቲኩንና የዛገውን አግራፍ አውጥቻለሁ። እያንዳንዱን ዘርግቼ አሲድ የሌለው ፎልደር ውስጥ አድርጌዋለሁ። አክስትሽ ላሚኔት እናስደርገው ስትል እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ላሚኔት ማለት በሙቀትና በፕላስቲክ መቅበር ነው፣ አይመለስም። ቤዝመንትም አይሆንም፤ የሚዙሪን የበጋ ወበቅ ታውቂዋለሽ፣ ሻጋታ ይጠራል። አሁን ያለው ያንቺ ክፍል ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ልብስሽን ወደ ጋራዥ አውርጄዋለሁ፣ አትቆጪ።

አሁን ዋናውን ጭቅጭቅ ልንገርሽ። በ1934 ከዚያው መንደር አንድ የአጎት ልጅ የጻፈው ደብዳቤ አለ። አዲሱን የናዚ መንግሥት እያወደሰ ነው። ሥራ ተገኘ፣ ሥርዓት መጣ፣ መሪያችን እንዲህ አደረገልን ይላል። አክስትሽ ስትሰማ አለቀሰች። "ይሄን አውጥተን እንጣለው፣ የልጆቻችን ስም ይበላሻል" አለች። አዝናለሁ፣ ግን አልስማማም። ያ ሰው በ1947 ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ጽፏል። ከእዚህ ለተላከለት የኬር (የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት) እሽግ ያመሰግናል፣ የልጆች ጫማና ቡና ይለምናል። ስለ 1934ቱ አንድ ቃል አይተነፍስም። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያነበበ ሰው ብዙ ነገር ይገባዋል። አንዱን ከጣልነው የሚቀረው ቡና የሚወድ ምስኪን ዘመድ ብቻ ነው። ውሸት ይሆናል። ቡናው ላይ እኔም ሆዴ ባብቷል፣ አልዋሽሽም፤ ቢሆንም።

ስለዚህ ሐሳቤ ይሄ ነው። ስካኑ ለሁሉም ይዳረስ፣ አንድ ቅጂ እኛ ጋ፣ አንድ አንቺ ጋ፣ አንድ ኢንተርኔት ላይ። ዋናው ከነሣጥኑ፣ ከነፀጉሩ፣ ከነ1934ቱ አንድ ላይ ይሁን። እኔና አባትሽ እስካለን እኛ ጋ ይቀመጥ፤ ከዚያ ለሚዙሪ ስቴት የታሪክ ማኅበር ይሰጥ።  እንዲህ ያለ ቦታ በስጦታ ውል ነው የሚቀበለው። ውሉ ላይ ማን እንደሚያየው፣ ማን ማሳተም እንደሚችል፣ እነሱ የማይፈልጉት ዕቃ ካለ ለማን እንደሚመለስ ይጻፋል። ይሄ የመጨረሻው ነጥብ እንዳይዘለል፤ ሣጥኑን ትልቅ ነው ብለው ሊመልሱት ይችላሉ።

ለታንክስጊቪንግ በዓል ሁሉም እዚህ ናቸው። አክስትሽን አንቺ አነጋግሪያት። እኔ ስናገር የምራት ነገር ይሆንባታል፤ አንቺ ግን ደማቸው ነሽ። በ1934ቱ ደብዳቤ አትጀምሪ። መጀመሪያ የ1947ቱን አንብቢላት፣ ትርጉሙን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ሳትመጪ በፊት ደግሞ የቆርቆሮ ፎቶዎቹን ስካን እያቸው። አያትሽ ድሮ ማን ማን እንደሆኑ ሲነግሩሽ ትሰሚ ነበር፤ የምታስታውሺው ፊት ካለ ቁጥሩንና ስሙን ጽፈሽ ላኪልኝ። እርግጠኛ ያልሆንሽበት ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጊ።

በደንብ ብዪ፣ በደንብ ተኚ።

እናትሽ