ከምርመራው ውጤት በኋላ ላለው መንገድ፦ የጡት ካንሰር ሕሙማንን በቡድን ለማሳከም የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለተከበራችሁ የእድር ዳኞችና አባላት፣ በአገር ውስጥና በውጭ ለምትኖሩ ወገኖቻችን፤

እኛ በአዲስ አበባ ከሚገኙ የተለያዩ እድሮች የተውጣጣን ነዋሪዎች፣ ከጡት ካንሰር ታክመው የዳኑ እናቶችና እኅቶች፣ እንዲሁም በካንሰር ሕክምና የሚሠሩ ጥቂት ነርሶችና ሐኪሞች ሆነን አንድ የጋራ ሥራ ጀምረናል። ሥራው ሕንፃ ማስገንባት ወይም ማሽን ማስመጣት አይደለም። የጡት ካንሰር እንዳለባት የተነገራት ሴት ከዚያች ዕለት አንስቶ ሕክምናዋን እስክትጨርስ ድረስ እርስ በርሱ በሚመካከር የባለሙያዎች ቡድን እንድትታከም፣ ከክፍል ወደ ክፍልና ከከተማ ወደ ከተማ ስትመላለስም ጉዳይዋን የሚከታተልላት አንድ የታወቀ ሰው እንዲኖራት ማድረግ ነው። ይህን ለአንድ ዓመት ለማስኬድ 3 ሚሊዮን ብር ያስፈልገናል፤ ይህንን ጥሪ የምናቀርብላችሁም ገንዘቡን ለመጠየቅና በምን ላይ እንደሚውል ለማስረዳት ነው።

የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች በብዛቱ ቀዳሚው ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ለ2020 ባወጣው ግምት በአገራችን በዚያ ዓመት 16 ሺህ ያህል ሴቶች በዚህ ሕመም ተይዘዋል። ብዙዎቹ ታማሚዎች ከ50 ዓመት በታች የሆኑ፣ ልጆች የሚያሳድጉና ቤት የሚያስተዳድሩ ሴቶች ሲሆኑ አብዛኞቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ሕመሙ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። በዚህም ምክንያት በየዓመቱ መስከረም ሲያልቅና ጥቅምት ሲገባ ስለ ቅድመ ምርመራ ብዙ ይነገራል፤ መነገሩም ተገቢ ነው። ሐኪሙ “ካንሰር ነው” ካለ በኋላ ስለሚመጣው ረጅም መንገድ ግን የሚናገር ብዙም አይገኝም፤ እኛ በቅርብ እንዳየነው ደግሞ ብዙ ሴቶች ከሕክምና የሚጠፉት በዚሁ መንገድ ላይ ነው።

የጡት ካንሰር ሕክምና የአንድ ሐኪም ሥራ አይደለም። ራዲዮሎጂስቱ የእብጠቱን መጠንና ቦታ በምስል ያሳያል፤ ፓቶሎጂስቱ የተወሰደውን ናሙና መርምሮ የካንሰሩን ዓይነትና ጠባይ ይናገራል፤ ቀዶ ሐኪሙ እብጠቱንና በብብት ያሉትን ንፍፊቶች ያወጣል፤ ኦንኮሎጂስቱ ኬሞውን (የካንሰር ሕዋሳትን የሚገድለውን የመድኃኒት ሕክምና)፣ ጨረሩንና የሆርሞን ሕክምናውን ይመራል፤ ነርሷ፣ ፋርማሲስቱ፣ ፊዚዮቴራፒስቱና የሥነ ልቦና ባለሙያውም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። እነዚህ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ አንዲት ታማሚ የሚመክሩበት ስብሰባ በሆስፒታሎች ውስጥ ቱመር ቦርድ ይባላል። ምክክሩ የሚያስፈልገው የሕክምናው ቅደም ተከተል ከሴት ሴት ስለሚለያይ ነው። እብጠቷ ትንሽ የሆነችውን ሴት ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ማስቀደም ይበጃታል፤ እብጠቷ ገዝፎ ከቆዳዋ ጋር የተጣበቀባት ግን በመጀመሪያ በኬሞ እንዲቀንስላት ካልተደረገ ቀዶ ሐኪሙ ሁሉንም ሊያወጣላት አይችልም። ቀድሞ የገባው ቢላ ያስቀረውን መልሶ መሥራት ለሐኪሙ አስቸጋሪ፣ ለታማሚዋም ሁለተኛ ሥቃይ ነው። ወጣት ሴት ከሆነች ደግሞ ወደፊት መውለድ ትፈልግ እንደሆነ መጠየቅ ያለባት ኬሞ ከመጀመሯ በፊት ነው፤ ይህ ጥያቄ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ሁሉም እንደተጠየቀ አድርጎ የሚያልፈው ጉዳይ ነው።

ቅንጅት ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ለማሳየት የናሙናን ጉዳይ በቅርበት ማየት ይበቃል። ከጡት የተወሰደ ሥጋ ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ሥጋው እንዳይበላሽ በሚጠብቀው ፈሳሽ፣ በ10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ መግባት፣ በፎርማሊኑም ውስጥ ከ6 ሰዓት ያላነሰ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ መቆየት አለበት። እኛ አገር ግን ናሙናውን ወደ ግል ላቦራቶሪ የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ባል ወይም ወንድም ነው። ክዳኑ በፕላስተር የተጠቀለለ ብልቃጥ በፌስታል ተይዞ በታክሲ ይሄዳል፤ ቀኑ ዓርብ ከሆነና ላቦራቶሪው ከተዘጋ ቤት ያድራል፤ ፎርማሊኑ ያነሰ ወይም በሌላ ፈሳሽ የተተካ ሊሆንም ይችላል፤ የታማሚዋ ስም በብልቃጡ ላይ ሳይጻፍ የቀረበትን አጋጣሚም አይተናል። እንዲህ የተያዘ ናሙና ካንሰር መኖሩን ሊያሳይ ቢችልም ካንሰሩ የሆርሞን ተቀባይ ያለው፣ ማለትም በሰውነት ሆርሞን እየታገዘ የሚያድግ፣ መሆን አለመሆኑን በሚለየው ምርመራ ላይ የተሳሳተ መልስ ሊሰጥ ይችላል። ይህ መልስ ቀላል ነገር አይደለም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በታከሙ ሴቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ከታማሚዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሆርሞን ተቀባይ ያለው ካንሰር ነበረባቸው፤ ለእነዚህ ሴቶች በየቀኑ የሚዋጠውና ዋጋው ከሌሎቹ የካንሰር መድኃኒቶች እጅግ ያነሰው ታሞክሲፌን ቢያንስ ለ5 ዓመት የሚወሰድ ሲሆን ካንሰሩ ተመልሶ እንዳይመጣ በእጅጉ ይከላከላል። ናሙናዋ የተበላሸባት ሴት የሚቀርባት ይህ ነው፤ መቅረቱንም አታውቅም።

ቡድን ለውጥ ስለማምጣቱ ማስረጃ አለ። በስኮትላንድ፣ በግላስጎው አካባቢ የጡት ካንሰር ሕሙማን በባለሙያዎች ቡድን እንዲታከሙ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1995 ነበር። ከ13 ሺህ በላይ ሴቶችን ያካተተውና በ2012 የታተመው ጥናት እንደሚለው፣ ከዚያ በፊት በግላስጎው በጡት ካንሰር የሚሞቱት ሴቶች መጠን በአጎራባች አካባቢዎች ካለው ከፍ ይል ነበር፤ የቡድን ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ግን ከአጎራባቾቹ በ18 በመቶ ያነሰ ሆነ። ግላስጎው ሩቅና ሀብታም ነው የሚል ቢኖር የኒውዮርኳን የሃርለም ሠፈር እንጠቅሳለን። በሃርለም ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ሃሮልድ ፍሪማን ድኾች ታማሚዎቻቸው ዘግይተው እንደሚመጡ፣ ከመጡም በኋላ በቀጠሮና በወረቀት ብዛት እንደሚጠፉ ተመልክተው እ.ኤ.አ. በ1990 እያንዳንዷን ሴት እየተከተሉ የሚያግዙ ሰዎችን መደቡ። ቀደም ሲል በሆስፒታሉ ከታከሙት የጡት ካንሰር ታማሚዎች 5 ዓመት በሕይወት የቆዩት 39 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በኋላ ቁጥሩ 70 በመቶ ደረሰ። ለውጡ አቅም ለሌላቸው ሴቶች የቀረበው ቅድመ ምርመራም ውጤት መሆኑን መሸሸግ አይገባም፤ የሚከታተላቸው ሰው መኖሩ ግን ትልቅ ድርሻ ነበረው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 በጀመረው የጡት ካንሰር መርሐ ግብር፣ ምልክት አይታ ወደ ጤና ተቋም የሄደች ሴት ምርመራዋ በ60 ቀናት ውስጥ እንዲጠናቀቅ፣ ከታማሚዎችም ቢያንስ 80 በመቶዎቹ ሕክምናቸውን እንዲጨርሱ ግብ አስቀምጧል።

የእኛ ሥራ ዋና መሣሪያ ስልክና መዝገብ ናቸው። ሁለት ልምድ ያላቸው ነርሶች የሙሉ ጊዜ አስተባባሪ ሆነው የእያንዳንዷን ሴት ጉዳይ ይይዛሉ። በመዝገቡ ላይ የናሙናው ቀን፣ ውጤቱ የወጣበት ቀን፣ የቱመር ቦርዱ ውሳኔ፣ የኬሞው ዙርና የሚቀጥለው ቀጠሮ በየረድፉ ይሰፍራሉ፤ ሳይሞላ የቆየ ረድፍ ሲታይ አስተባባሪዋ ትደውላለች። ኬሞ አብዛኛውን ጊዜ በየ21 ቀኑ የሚሰጥ ሲሆን ከእያንዳንዱ ዙር በፊት የደም ምርመራ ይደረጋል። ከደሴ ወይም ከጎባ ተነሥታ ሌሊቱን በአውቶቡስ የመጣች ሴት ነጭ የደም ሕዋሷ ወርዶ በመገኘቱ “ከሳምንት በኋላ ተመለሽ” ስትባል ያ ሳምንት የአልጋ ኪራይ፣ የምግብና የሌላ ትራንስፖርት ጥያቄ ይሆናል። የደም ምርመራው በምትኖርበት ከተማ ተሠርቶ ውጤቱ አስቀድሞ በስልክ ቢላክ ይህ ሁሉ ድካም ይቀር ነበር። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና በአገሪቱ ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ጅማን የመሰሉ ማዕከላት ቢጨመሩም ወረፋው አልቀረም። ስለዚህ ጨረር እንደሚያስፈልጋት የተወሰነላት ሴት ኬሞዋን እስክትጨርስ ሳትጠብቅ ወረፋ እንድትይዝ ማድረግም የአስተባባሪዋ ሥራ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ወረቀቱ አይደለም። በብዙ ቤት ቤተሰቡ ለታማሚዋ አዝኖ የሕመሟን ስም ይደብቃታል። “ትንሽ እብጠት ናት” የተባለች ሴት ግን ጸጉሯ ሲረግፍና ምግብ አልቀመስ ሲላት ለምን እንደምትሠቃይ ስላልገባት ኬሞውን በሁለተኛው ዙር ታቋርጣለች። እብጠት በመርፌ ከተነካ ይባባሳል የሚለው ፍርሃትም ብዙዎችን ያስቀራል። ጠበል የገቡ ሴቶችን በተመለከተ አቋማችን ግልጽ ነው፦ ጠበሏን ተዪ አንልም፤ ኬሞዋንም እንዳትተው እንጠይቃለን፤ ይህንንም ከንስሐ አባቷ ጋር መነጋገር ከእኛ ይልቅ እንደሚሠራ ተረድተናል። ስለዚህ አስተባባሪዎቹ ከሥነ ልቦና ባለሙያና ከበሽታው ከዳኑ ሴቶች ጋር ሆነው፣ ታማሚዋ ስትፈቅድ፣ ባልን፣ ልጆችን፣ የሃይማኖት አባትን አስቀምጠው ያነጋግራሉ። በሽታው ሊድን ከማይችልበት ደረጃ የደረሰባት ሴትም ከመዝገቡ አትሰረዝም፤ የሕመም ማስታገሻ እንድታገኝና በቤቷ ክትትል እንዲደረግላት የማድረግ ኃላፊነት የዚያው ቡድን ነው።

ሰው ሲሞት እድራችን ድንኳኑን ማን እንደሚተክል፣ ወንበሩን ማን እንደሚያመጣ፣ ለዘመድ ማን እንደሚያረዳ ማንም ሳይጠይቅ ያውቃል። ይህ ሁሉ ሥርዓት ሕያዋን ሳለን ለመታከምም ሊያገለግል እንደሚችል ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም፤ በኤች አይ ቪ ዘመን ብዙ እድሮች ሕሙማንን መደገፍ የጀመሩትም ይህን አውቀው ነው።

ከምንጠይቀው 3 ሚሊዮን ብር ግማሹ ሆስፒታል ውስጥ ሲታጡ ከውጭ ለሚገዙ ምርመራዎችና መድኃኒቶች፣ በተለይም የሆርሞን ተቀባይ ምርመራውን ከፍለው ማሠራት ለማይችሉ ሴቶች ይውላል። ሩቡ የሁለቱ አስተባባሪዎች ደመወዝና የስልክ ወጪ ሲሆን ቀሪው ሩብ ከክልል ለሚመጡ ታማሚዎችና ለአንድ አስታማሚ የትራንስፖርትና የማረፊያ ድጎማ ነው። ለደመወዝ መለመን እንደማያምር እናውቃለን፤ ሰው ስሙ የሚለጠፍበት ማሽን ቢገዛ ይመርጣል። ነገር ግን ማሽኑ ባለበት ከተማ ታማሚዋ ቀጠሮዋ አልፎባት ስትመለስ ያየ ሰው የአስተባባሪን ደመወዝ ትርፍ ወጪ አይለውም። እንደ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ያሉ ድርጅቶች ለሕሙማን ከፍ ያለ አገልግሎት ሲሰጡ ቆይተዋል፤ የእኛ ሥራ እነሱን የሚተካ ሳይሆን ታማሚዋ ያለውን አገልግሎት ሁሉ እንድታገኝ የሚያገናኝ ነው።

የባንክ ሒሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሦስት ሰዎች ጣምራ ፊርማ ሲሆን ከሦስቱ አንዱ ከሕክምና ባለሙያዎቹ ወገን፣ አንዷ ከዳኑት ሴቶች፣ አንዱ ከእድር ዳኞች ነው። ለማንኛዋም ታማሚ ጥሬ ገንዘብ በእጅ አይሰጥም፤ ክፍያው በቀጥታ ለላቦራቶሪው፣ ለፋርማሲው ወይም ለማረፊያው ይፈጸማል። በየሦስት ወሩ የገቢና ወጪ መግለጫ ከነደረሰኙ ለእድሮቹ ጉባኤ ይቀርባል፤ በመግለጫው ላይ ስንት ሴቶች ምርመራቸውን በ60 ቀናት እንደጨረሱና ስንቶቹ ሕክምናውን እንዳቋረጡ ይገለጻል፤ የታማሚዎች ስምና ፎቶግራፍ ግን አይወጣም። ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ሲባል የማንንም ሴት ፊት እንዳናሳይ ተስማምተናል።

የእድር አባል የሆናችሁ መዋጯችሁን ስትከፍሉ የአቅማችሁን ለእድራችሁ ጸሐፊ ሰጥታችሁ ሕጋዊ ደረሰኝ እንድትቀበሉ፣ እድሮችም በጠቅላላ ጉባኤያችሁ ተወያይታችሁ ለአንድ ዓመት በየወሩ የሚሰጥ ቋሚ መዋጮ እንድትወስኑ በአክብሮት እንጠይቃለን፤ አንድ ጊዜ ከሚሰጥ ብዙ ገንዘብ ይልቅ በየወሩ የሚገባ ትንሽ ገንዘብ ለሥራው ይመቸዋል፣ ኬሞ በዙር የሚሰጥ ነውና። በዋሽንግተን፣ በአውሮፓና በዓረብ አገሮች የምትኖሩ ወገኖች በየማኅበራችሁ አሰባስባችሁ በባንክ ልትልኩ ትችላላችሁ፤ መድኃኒት ገዝታችሁ ከመላካችሁ በፊት ግን እባካችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁን፣ የማይፈለግ ወይም ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበ መድኃኒት ለማስወገድም ወጪ አለውና። ገንዘብ የሌላችሁ በሆስፒታሎቹ አቅራቢያ ለጥቂት ሌሊት የሚሆን ክፍል፣ ታማሚ የምታደርሱበት መኪና፣ አማርኛ ለማይናገሩ ሴቶች በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ ወይም በሲዳምኛ የምታስተረጉሙበት ጊዜ ካላችሁ ለእድራችሁ ጸሐፊ ስማችሁን አስመዝግቡ። ከበሽታው የዳናችሁ እኅቶች ደግሞ ውጤቷን ገና ከተቀበለች ሴት ጋር ለመቀመጥ ፈቃደኛ ከሆናችሁ፣ በዚያች ዕለት ከእናንተ በላይ የምትሰማው ሰው ስለሌለ፣ ከሁሉ አስቀድመን የምንፈልገው እናንተን ነው።